አሥራ አራተኛው ስም

ድንጋይ ጠራቢው ጆብ ሬንሻው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በኔዘርኮት ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ያገኙት ቄስ ኤልፎርድ ናቸው። ሽማግሌው ከሕፃናት ማጥመቂያው የድንጋይ ገንዳ ሥር በጎኑ ተጋድሟል፤ ረጅሙ መሰላል እግሩ ላይ ወድቋል፤ ባልዲው ተገልብጦ ውሃው ወለሉን አርሶታል። ጭንቅላቱ የገንዳውን ጠርዝ መትቶ ነበርና ወዲያው ነው የሞተው።

ከሬሳው በላይ፣ የሁለት ሰው ቁመት ያህል ከፍ ብሎ፣ የሰባት ሳምንት ሥራው የሆነው የእብነ በረድ ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ቆሟል። ከጦርነቱ ያልተመለሱት የመንደራችን ልጆች ስም የሚጻፍበት መታሰቢያ ነው፤ ምረቃው ለእሑድ ተቀጥሯል። አሥራ ሦስቱ ስሞች ተጠርበው አልቀዋል። የመጨረሻው፣ አሥራ አራተኛው፣ በቀይ ቀለም ተነድፎ ነበር እንጂ መሮ ገና አልነካውም። አሁን ደግሞ ግማሹ ታጥቦ ጠፍቷል። «ዊልፍሬድ» ይላል፤ «ዋርዴል» የሚለው ግን የለም።

በማግስቱ ጧት ኢንስፔክተር ሄስኬት ከአውራጃው ከተማ በባቡር መጣ። ቀጭን፣ ሽበታም፣ ሰው ሲያነጋግር ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ዐይኑን የሚጨፍን ሰው ነው። እንቅልፋም የመሰላቸው ብዙ ወንጀለኞች ዛሬ እስር ቤት ናቸው። የመንደራችን ፖሊስ ቦውን ግን ይህን አያውቅምና ገና ከባቡር ጣቢያው ጀምሮ ሊያስተምረው ተነሣ።

«ጌታዬ፣ ነገሩ ያለቀለት ነው። ሃና ዋርዴል ናት። ልጇ ዊልፍሬድ ከአራት ዓመት በፊት ፍላንደርስ ጦር ሜዳ ላይ ጠፋ፤ ሬሳው አልተገኘም። እሷ ደግሞ አልሞተም ባይ ናት። ስሙ እንዳይጻፍ ያልለመነችው፣ ያልሰደበችው የለም። ባለፈው እሑድማ በምእመናኑ ፊት ቆማ ‹ልጄን ከነነፍሱ ልትቀብሩት ነው!› ብላ ጮኸች። ይኸው ስሙ ታጠበ፣ ጠራቢውም ሞተ።»

«ሐሙስ የት ነበረች?»

«ቤቴ ነበርኩ ትላለች። ‹ማን አይቶሻል?› ስላት ‹ማንም አላየኝ› አለች። ነገ ከሌላ አገር ጠራቢ መጥቶ ስሙን ይጨርሰዋል፤ ያኔ ደግሞ ሌላ ጉድ እንዳታመጣ ነገ ጧት ልወስዳት ነው፣ እርስዎ ከፈቀዱ።»

«ነገ ጧት ገና ነው» አለ ሄስኬት።

ሁለቱም ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ገቡ። ሄስኬት መጀመሪያ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ጆብ መሰላሉ እንዳይንሸራተትበት ከሥሩ ጆንያ ያነጥፍ ነበር፤ ጆንያው ሳይጨማደድ እንደተነጠፈ ነው። ቀጥሎ የመሰላሉ ጫፍ ተደግፎበት የነበረውን ግድግዳ አየ። ከዚያ ቦታ ጀምሮ ወደ ቀኝ፣ አግድም የሄደ ረጅም ጭረት አለ።

«ቦውን፣ መሰላል በራሱ ሲንሸራተት እግሩ ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ ኋላ፣ ጌታዬ።»

«ጆንያውንስ?»

«ይዞት ይሄዳል።» ቦውን ጆንያውን አየና ፊቱ ተለወጠ። «ኦ! ወደ ጎን ነው የተሳበው። ሃና ደግሞ እጇ ብርቱ ነው፣ ልብስ አጣቢ አይደለች!»

 ሄስኬት ሬሳው ወደ ተወሰደበት የቤተ ክርስቲያኑ ጓዳ ገብቶ የጆብን የቀኝ እጅጌ ገልብጦ አየ፤ ውስጡ እስከ ክርኑ ድረስ ቀይ ሆኗል። የመሥሪያ ከረጢቱን ከፈተ። መሮዎቹ በሸራ ተጠቅልለው፣ በገመድ ታስረው ተቀምጠዋል። በመጨረሻ ከወንበሮቹ ሥር አንድ እርጥብ ስፖንጅ አገኘና በጋዜጣ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

«ጆብን በሕይወት ሳለ መጨረሻ ያዩት እርስዎ ነዎት?» ሲል ቄሱን ጠየቃቸው።

«አዎ። የማማው ሰዓት ከሰዓት በኋላ አምስት ሊመታ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ነው። መሰላሉ አጠገብ ቆሞ ስሙን ያያል። ‹ዛሬ ታደርሰዋለህ?› ስለው ‹ዛሬ አደርሰዋለሁ› አለኝ። እኔ አሮጊቷ አስተማሪያችን ታማለች ብለውኝ እዚያ ጎረቤት ሄድኩ። መዝሙረ ዳዊት እያነበብኩላት ሳለ የአምስት ሰዓቱ ደወል መታ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስመለስ...» ቄሱ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። አሥራ አራቱንም ልጆች ያጠመቁት እሳቸው ናቸው።

«ጆብና ሃና ተጣልተው ያውቃሉ?»

«ረቡዕ መጥታ እግሩ ላይ ወድቃ ስታለቅስ አይቻለሁ። እሱ ግን ‹ቤትሽ ግቢ ሃና› ከማለት በቀር አልመለሰላትም። የሱም ልጅ እኮ እዚያው ሰሌዳ ላይ ነው፣ አሥረኛው። በገዛ እጁ ነው የጠረበው። የልጁ መቃብር ፎቶግራፍ ተልኮለት ነበር፤ ሲጠርብ እሱን ፊቱ ላይ ሰክቶ ነበር የሚሠራው።»

ከዚያ ሄስኬት ወደ ጋሪ ሠሪው ወደ ሃርቪ ኮትስ ግቢ ወረደ። የጠፋው ልጅ ሚስት ኤዲትም እዚያ ነበረች። ሁለቱ መጋባት እንደሚፈልጉ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ የሃናን ዐይን ግን ይፈራሉ።

«ምን እደብቅዎታለሁ» አለች ኤዲት። «ስሙ እንዲጻፍ እፈልግ ነበር። ከዊልፍ ጋር በትዳር የኖርኩት አሥራ አንድ ቀን ነው። ጥሩ ልጅ ነበር። ግን ልንገርዎትና አሁን ፊቱ እየጠፋብኝ ነው። እማማ ሃና ባየችኝ ቁጥር ‹ልብሱን አናፍሰሽለታል?› ትለኛለች።» እንባዋ መጣ።

«ሐሙስስ?»

ሃርቪ ቀደማት። «ሐሙስ ለጋሪ እግር ብረት ስናለብስ ነበር። ብረቱ ግሎ ከእሳት ከወጣ ወዲያ ወንድሜ ቢሞትም ዞር አልልም፤ እንጨቱ ይነዳላ! ስድስት ሰው ነበርን። ኤዲት ውሃ ስታፈስ ነበር፣ ግማሹን እኔ ላይ። የአምስት ሰዓቱ ደወል ሲመታ ሁለተኛውን እግር ጀመርን። ስድስቱንም ይጠይቁ።»

ሄስኬት ስድስቱንም ጠየቀ፤ አሮጊቷን አስተማሪም ጠየቀ። ሁሉም እንደተባለው ሆኖ ተገኘ።

የቀረው የሃና ባል ሳይላስ ነው። ሳይላስ ዋርዴል የቤተ ክርስቲያናችን ጠባቂ፣ ደወል ደዋይና መቃብር ቆፋሪ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም። ሄስኬት ሲያገኘው ለጆብ ጉድጓድ እየቆፈረ ነበር። አፈሩን በንጽሕና ከምሮታል፤ ዐይኑ ግን ቀልቷል።

«ሐሙስ የት ነበሩ?»

«ማማው ላይ ነበርኩ፣ ጌታዬ። ለእሑድ የደወሎቹን መምቻ ምላስ ቆዳ ሳለብስ። ለሐዘን ስንደውል በአንድ ወገን ቆዳ እናስራለን። አንዴ በደንብ ይጮኻል፣ ቀጥሎ ደግሞ ከሩቅ የመጣ መስሎ ይሰማል።»

«ከመቼ እስከ መቼ?»

«ከአምስት ሰዓቱ ደወል ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ወጣሁ። የወረድኩት ቄሱ ሲጮኹ ነው።»

«የመሰላሉን መውደቅ አልሰሙም?»

«ግድግዳው ወፍራም ነው።»

«ደወሎቹን ያሳዩኝ።»

ሳይላስ አካፋውን ጠርጎ አስቀመጠና መራው። ጠመዝማዛውን ደረጃ ወጥተው ከደወሎቹ ሥር ሲደርሱ ሄስኬት አንገቱን ወደ ላይ ሊያሾልክ ቢል ሳይላስ ደረቱን ገፍቶ መለሰው።

«ቆይ! ይቅርታ ጌታዬ። መጀመሪያ የሰዓቱን መዶሻ ልሰር።» ከግድግዳው ላይ ሽቦ ስቦ መንጠቆ ላይ አሰረ። «ሰዓት በመታ ቁጥር ትልቁን ደወል የሚመታው ይኼ ነው። ከኔ በፊት የነበረው ሰውዬ አንድ ቀን ሳያስረው ገብቶ፣ ጭንቅላቱ ደወሉ ውስጥ ሳለ መታበት። እስኪሞት ድረስ ደንቆሮ ነበር።»

«እርስዎስ ረስተው ያውቃሉ?»

«እኔ?» ከጧት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ሠላሳ ዓመት! አንድ ቀን አልረሳሁም። እጄ ራሱ ያውቀዋል።»

«ሲታሰርስ፣ ሰዓቱ አይመታም?»

«ምን ሊመታ! እስክፈታው መንደሩ ሰዓት የለውም።»

ሄስኬት ዐይኑን ጨፈነ። አምስቱም ደወሎች ቆዳ ለብሰዋል፤ አሠራሩም ንጹሕ ነው። አመስግኖ ወረደ። እኔ የማዝነው ሳይላስ ከኋላው መብራቱን ይዞለት «ደረጃው እንዳይጥልዎት» እያለ መውረዱን ሳስብ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሃና ዋርዴል ቤት ገባ። ሃና ቁመቷ አጭር፣ እጇ በሳሙና የተላጠ፣ አንገቷ የማይታጠፍ ሴት ናት። ወንበር ሰጠችውና ሥራዋን ቀጠለች።

«ሊወስዱኝ ነው የመጡት?»

«ልጠይቅዎት ነው።»

«ይጠይቁ። ስሙን ግን እኔ አላጠብኩትም። ባጠብኩት ደስ ባለኝ! ጆብን ደግሞ እንኳን ልገድለው... አብረን ነው ያደግነው።»

በዚህ መሐል ማማው ላይ ሰዓቱ አምስት መታ። ሃና የምታወራውን አቋርጣ ተነሣችና ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሰሐን ደረደረች። ሦስተኛው ሰማያዊ አበባ ያለበት ነው። በአጠገቡ ዳቦና ቅቤ፣ የሻይ ስኒም አኖረች።

«ሁልጊዜ ነው?»

«በየቀኑ፣ የአምስት ሰዓቱ ደወል ሲመታ። ዊልፍ ከእርሻ የሚገባው በዚያ ሰዓት ነበር።»

«ሐሙስም?»

«ሐሙስም መታ፣ ሐሙስም አቀረብኩ። ‹ጠፍቷል› ነው የጻፉልኝ። ‹ሞቷል› አላሉኝም። የጠፋ ነገር ይገኛል።» ቀና ብላ አየችው። «እርስዎ ልጅ አለዎት?»

«ነበረኝ።»

«በጦርነቱ?»

«አዎ።»

«መቃብሩን አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ እርስዎ ምን ያውቃሉ!» አለችና ፊቷን አዞረች። ሄስኬት ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። እውነቷን ነው።

ቅዳሜ ጧት ሁሉንም ሰሌዳው ሥር ሰበሰባቸው። ቄሱ፣ ኤዲትና ሃርቪ፣ ሳይላስና ሃና በአንድ ወንበር፣ ቦውን በሩ ላይ። አዲሱ ጠራቢም ከረጢቱን ይዞ ጥግ ቆሟል። ሃና ዐይኗን ከዚያ ከረጢት ላይ አልነቀለችም።

«ጆብ ሬንሻው ወድቆ አልሞተም» ብሎ ጀመረ ሄስኬት። «ጆንያው ባለበት ነው፤ ጭረቱ ወደ ጎን ነው። አንድ ሰው መሰላሉን ይዞ ስቦታል። መንደሩ ‹ስሙን ያጠበ ሰው ነው የገደለው› ይላል። እኔም መጀመሪያ የጠየቅሁት ስሙን ማን አጠበው ብዬ ነው።»

ጋዜጣውን ከኪሱ አውጥቶ ስፖንጁን አሳየ። ቀይ ነበር።

«እጅን ወደ ላይ ዘርግቶ ግድግዳ የሚያጥብ ሰው፣ ውሃው በክንዱ ወደ ክርኑ ይወርድበታል። የጆብ እጅጌ ውስጡ እስከ ክርኑ ቀይ ነው። መሮዎቹስ? ታስረው ከረጢት ውስጥ ናቸው። ሊጠርብ የወጣ ሰው መሮ ሳይዝ፣ ስፖንጅና ባልዲ ይዞ መሰላል ላይ ምን ይሠራል? ስሙን ያጠበው ራሱ ጆብ ነው።»

ሃና ከወንበሯ ብድግ አለች። «ጆብ?»

«ጆብ። ረቡዕ ለመኑት፤ መልስ አልሰጠዎትም። ሐሙስ መልሱን ሊሰጥ ወጣ። ‹ዛሬ አደርሰዋለሁ› ያለው ይህንን ነው።»

«እኔ እኮ ረገምኩት» አለች ሃና ቀስ ብላ። «ቤቴ ስገባ ጆብን ረገምኩት።» ቄሱ እጇን ይዘው አስቀመጧት።

«እንግዲህ ነገሩ ተገለበጠ» ሲል ቀጠለ ሄስኬት። «ወይዘሮ ሃና ጆብን መሰላል ላይ ቢያገኙት ኖሮ፣ የለመኑትን ሲፈጽም ነበር የሚያዩት። የተቆጣው ስሙ እንዲጠፋ የፈለገ ሰው አይደለም፤ እንዲጻፍ የፈለገ ነው። ስሙ እንዲጻፍ የፈለጉት ቄሱ በሽተኛ ዘንድ ነበሩ። ኤዲትና ሃርቪ በስድስት ሰው ፊት የጋለ ብረት ይዘው ነበር።»

ከዚህ በኋላ ማንም ቀና ብሎ ሳይላስን ማየት አልፈለገም።

«የአምስት ሰዓቱ ደወል ሐሙስ ዕለት መታ» አለ ሄስኬት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቄሱ ሰምተውታል፤ ሃርቪ ሰምቶታል፤ ወይዘሮ ሃናም ሰሐን አቅርበውበታል። ሳይላስ፣ እርስዎ በዚያ ሰዓት ደወሎቹ ውስጥ ገብተው ቆዳ ሲያስሩ እንደነበር ነግረውኛል። መዶሻውን ሳያስሩ በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን እንዳልገቡም ነግረውኛል። እርስዎ ላይ ቢሆኑ ኖሮ መንደሩ ሰዓት አልነበረውም።»

ሳይላስ እጆቹን አየ።

«እውነት ነው፣ አልረሳም» አለ። «ቆዳውን ያሰርኩት ዓርብ ጧት ነው፣ እርስዎ ሳይመጡ።»

«ሳይላስ!» አለች ሃና።

«ልገድለው አልነበረም፣ ሃና። ወደ ማማው ልወጣ ስገባ ጆብ ያጥበዋል። ‹ተው› አልኩት። ‹ሃና ለመነችኝ፤ የኔስ ልጅ የመቃብር ፎቶ አለው፣ የሷ ምን አለው?› አለኝ። መሰላሉን ያዝኩ። እንዲወርድ ነበር። ሳብኩት።» ሰሌዳውን አየ። «አራት ዓመት ሰሐኑ ይቀመጣል፣ ሰሐኑ ይነሣል። እኔ ልጄን አንድ ቀን አላለቀስኩትም። ቤቴ ውስጥ ማልቀስ አይፈቀድልኝም። ለሰው ሁሉ መቃብር ቆፍሬያለሁ፤ ለሱ የምቆፍርበት የለኝም። ስሙ እዚህ ከተጻፈ፣ ስጠርግ እንኳ ቆም ብዬ አለቅስበታለሁ ብዬ ነበር።»

 ኤዲት ታለቅሳለች፤ ቦውን እንኳ ባርኔጣውን አውልቋል።

«እኔን ሊወስዱኝ ሲሉስ?» አለች ሃና። «ዝም ልትል ነበር?»

«ከወሰዱሽ እናገራለሁ እያልኩ ለራሴ ስነግረው ነበር።» ቀና ብሎ አያት። «እናገር ነበር ወይ? አላውቅም፣ ሃና። አላውቅም።»

ሃና ወደ ሳይላስ ቀረበች። ካፖርቱ እንዳይከፈትበት ቁልፉን ቆለፈችለት፤ ውጭ ይዘንብ ነበር። ቦውን ወሰደው።

ምረቃው እሑድ ሆነ፤ ሰሌዳው ላይ አሥራ ሦስት ስም ብቻ ነበር። ደወሎቹን ሃርቪና ጓደኞቹ ደወሉ። የሳይላስ ቆዳ በደንብ ታስሮ ነበርና አንዴ እየጮኸ፣ አንዴ ከሩቅ እየመጣ ተሰማ። በመኸር ወር ፍርድ ቤቱ ሳይላስ ሆነ ብሎ አለመግደሉን ተቀብሎ ሦስት ዓመት ፈረደበት።

ፍርዱ በተሰማ ማግስት ሃና ቄሱ በር ላይ ቆመች።

«ጠራቢውን ይጥሩልኝ» አለች። «ይጻፈው።»

«ሃና፣ ማንም አያስገድድሽም። ቦታው እንዳለ ሊቆይ ይችላል።»

«ሳይላስ ሲወጣ የሚያለቅስበት ይፈልጋል። አጠገቤ አራት ዓመት ተቀምጦ አላየሁትም፣ አባ። በሩን ነበር የማየው።»  ቄሱም ጠራቢውን አስጠሩላት።

ስሙ ሲጠረብ መሰላሉ ሥር ቆማ እስከ መጨረሻው ፊደል አየች። ያን ቀን ሰዓቱ አምስት ሲመታ ቤቷ ነበረች። ሰማያዊ አበባ ያለበትን ሰሐን አጥባ፣ አድርቃ፣ ከቁም ሣጥኑ የላይኛው መደርደሪያ አስቀመጠች። ከዚያ የራሷንና የሳይላስን ሰሐን አቀረበች፣ ዳቦውን ቆረሰች፣ ለመጀመሪያ ጊዜም ልጇን አለቀሰች።